አሰልጣኙ ከደሙ ንጹሕ ናቸው

የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ የኤንኤፍኤል፣ ዋና አሰልጣኝ መሆን ከባድ ሥራ ነው ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ክብደቱ ግን ሜዳ ላይ አይደለም። እዚያ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ይደረጋል፣ አፍ በወረቀት ይከለላል፣ ውሳኔ ይሰጣል። ይሄን ማንም ይችለዋል። የሚከብደው ከጨዋታው በኋላ ማይክሮፎን ፊት ቀርቦ፣ ውሳኔውን የሰጠው ሌላ ሰው እንደሆነ ማንንም ሳያስቀይሙ ማስረዳት ነው። ይሄ ተሰጥኦ ይጠይቃል። እስከ ዛሬ ዋንጫ ያልተዘጋጀለት መሆኑ ያንገበግበኛል።

ለእግር ኳስ ወገኖቼ ባጭሩ ላስረዳ። በአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ሲያጠቃ ኳሷ መጀመሪያ የምትገባው ኳርተርባኩ እጅ ነው። ማን ይቀበል፣ ማን ይሩጥ የሚለው በእሱ በኩል ያልፋል። ቡድኑ ሲያሸንፍ ፎቶው ይሰቀላል፣ ሲሸነፍ ማሊያው ይቃጠላል። እሱን የሚያሰልፈው ማነው? ዋናው አሰልጣኝ። ሲጎዳ የሚያስወጣውስ? ዋናው አሰልጣኝ። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው። ወረቀት ምን እንደሚያገለግል ደግሞ ቅድም ተናግሬያለሁ።

የጥበቡ ቁንጮ የታየው እዚሁ እኛ ጓሮ፣ ሜሪላንድ ላንዶቨር ውስጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የምንኖር ሐበሾች እናስታውሰዋለን። በ2012 የዋሽንግተን ቡድን ኳርተርባኩን ሮበርት ግሪፊንን ለማግኘት ሲል ለሴንት ሉዊስ ራምስ ሦስት የአንደኛ ዙር ምርጫዎችንና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ (ምርጫ ማለት በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የመውሰድ መብት ነው) አስረከበ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ 10 ቁጥር ማሊያ ካልተገዛልኝ ብሎ አለቀሰ። ልጁም አላሳፈረም። ቡድኑ ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድቡን አሸነፈ።

ዲሴምበር 9 ቀን ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ሃሎቲ ንጋታ የሚባል ተራራ የሚያክል ተከላካይ መታውና ጉልበቱ ታጠፈ። ልጁ ወጣ። ወዲያው ተመልሶ ገባ። በአንድ እግሩ እየዘለለ ትንሽ ተጫወተና እንደገና ወጣ። አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን ለምን ተመልሶ እንደገባ ሲጠየቁ፣ ሜዳው ዳር የነበሩት ስመ ጥሩው ሐኪም ጄምስ አንድሩስ መጫወት ይችላል እንዳሏቸው ተናገሩ። ከአራት ሳምንት በኋላ ሐኪሙ ለጋዜጣ ሲናገሩ ግን ጉልበቱን አልመረመርኩትም አሉ። ቆይተውም አብራሩት። አሰልጣኙም አልዋሹም፣ እሳቸውም አልዋሹም። አሰልጣኙ ደህና ነው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው በእጃቸው ምልክት ሰጥተዋቸው ኖሯል። ልጁ ሲሮጥ ስላዩት ደህና መስሏቸው ነዋ!

እንግዲህ አድንቁ። ሦስት የአንደኛ ዙር ምርጫ የወጣበት ጉልበት በእጅ ምልክት ታክሞ ተመለሰ። ኤምአርአይ ምን ያደርጋል? እኛ ድንገተኛ ክፍል ስድስት ሰዓት ወረፋ የምንጠብቀው ከሩቅ እጁን የሚያውለበልብልን ሰው አጥተን ነው።

የሐኪሙ ቃል ጋዜጣ ላይ የወጣው በፕሌይኦፉ፣ በጥሎ ማለፉ ዕለት፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ነበር። የዚያን ዕለት ከሲያትል ጋር ጨዋታ አለ። ግሪፊን ጉልበቱ ላይ ድጋፍ አስሮ ገባ። ዋሽንግተን ገና በመጀመሪያው ሩብ 14 ለ 0 መራ። በዚያው ሩብ ልጁ ወደ ቀኝ እየሮጠ ሲወረውር ጉልበቱ ከዳው። ከዚያ በኋላ ማነከሱን ስታዲየሙ አየ፣ በቴሌቪዥን የሚከታተለው ሁሉ አየ፣ ሲያትሎች አዩ። አሰልጣኙም ሜዳው ዳር ቆመዋል። ተጠባባቂው ደግሞ የማይረባ ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት በአራተኛው ዙር የመረጡት ከርክ ከዝንስ ነው። ባልቲሞርን ጨርሶ ያሸነፈው እሱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ክሊቭላንድን ያሸነፈው እሱ። ኮፍያውን እንዳደረገ ቁጭ ብሎ አየ።

በአራተኛው ሩብ ኳሷ ከመሐል አቀባዩ ተበላሽታ መጣች። ልጁ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ሁለት ጅማት ተበጠሰ። ጨዋታው 24 ለ 14 አለቀ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ጋዜጣዊ መግለጫው መጣ። ልጁ እመነኝ፣ አመመኝ እንጂ አልተጎዳሁም አለኝ፣ አሉ አሰልጣኙ። የ22 ዓመት ልጅ፣ በፕሌይኦፍ መሐል፣ ልውጣ ብሎ ይለምናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር መሰለኝ። ግሪፊንም ጨዋ ነው፤ ቢያስወጡኝም እገባ ነበር ዓይነት ነገር ተናገረ። በዚህም ጉዳዩ ተስተካከለ። ሐኪሙ ምልክት ሰጡ፣ ታማሚው ፈቀደ፣ አሰልጣኙ ታዘዙ። ምነው ሸዋ! በዚህ ሁሉ መሐል አለቃው ማን ነበር ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ ነው።

ለፍርድ ያህል፣ ሻናሃን ስለ ተጫዋች ጤና ደንታ የላቸውም የሚባለውን አልቀበልም። በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር ላይ ቡድኑ 3 አሸንፎ 10 ተሸንፎ፣ ምንም የቀረ ተስፋ በሌለበት ጊዜ፣ ግሪፊንን የመጨረሻዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አሳረፉት። ለምን ቢባል፣ እንዳይጎዳ ነዋ! ሲያነክስ ያሰለፉትን፣ መራመድ ሲችል አስቀመጡት። እሳቸው ዲሴምበር 30 ቀን ተባረሩ።

ይሄ የአንድ ሰው ጥበብ እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ቤት አለው። ተማሪው መጀመሪያ የሚያጠናው «ቪዲዮውን ሳላይ ምንም ማለት አልችልም» የሚለውን ነው። ስታዲየም ሙሉ ሰው በዓይኑ ያየውን፣ ከሁሉም ቀርበው የቆሙት አሰልጣኝ አላዩትም። ሰኞ ይጠየቃሉ። አይተውታል፤ ግን የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ በአደባባይ አይነገርም። ከዚያ «እኛ» የምትለዋ ትመጣለች። ሲያሸንፉ ኳርተርባኩን ያመንኩበት እኔ ነኝ፤ ሲሸነፉ እንደ ቡድን ተነጋግረን ነው።

ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ረዳት ይባረራል። ኢንዲያናፖሊስ በ2022 ኦክቶበር 24 ቀን ኳርተርባኩን ማት ራያንን አስቀመጡት፤ በምክክሩ የክለቡ ባለቤትም ነበሩበት። ኖቬምበር 1 የማጥቃት አስተባባሪው ተባረረ። ኖቬምበር 7 ዋናው አሰልጣኝ ፍራንክ ራይክ ራሳቸው ተከተሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥፋቱ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ሄዶ ባለቤቱ ቢሮ በር ላይ ቆመ። በሩ ተቆልፎ ነበር መሰለኝ።

ቺካጎዎች ግን ይበልጣሉ። ኬሌብ ዊሊያምስን በ2024 ከሁሉም ቀድመው መረጡት። ልጁ ሲቸገር አሰልጣኙ ማት ኢበርፍሉስ ኖቬምበር ላይ የማጥቃት አስተባባሪውን አባረሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። በታንክስጊቪንግ ቀን ከዲትሮይት ጋር ሦስት ነጥብ ሲቀራቸው፣ ዊሊያምስ ኳስ እንደያዘ ተጣለ። ሰዓቱ ላይ ከ30 ሰከንድ በላይ አለ። ሰዓቱን የምታስቆም የቀረች አንዲት ታይምአውት አለች። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ጀማሪው ልጅ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ታይምአውቷ አሰልጣኙ ኪስ ውስጥ ተቀምጣለች። አንድ ኳስ ተወረወረ፣ አልተያዘም፣ አለቀ። አሰልጣኙ ወጥተው አያያዛችን ትክክል ነበር አሉ። በማግስቱ ጠዋት በቪዲዮ መግለጫ ሰጡ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተሰናበቱ። ታይምአውቷን ይዘዋት ሄዱ።

ወጣት አሰልጣኞች እንዳይከተሉት የማስጠነቅቀው አንድ ሰው አለ፤ ቢል ቤሊቺክ። በ2001 የኒው ኢንግላንድ አሰልጣኝ ሳሉ ድሩ ብሌድሶ የሚባል ኳርተርባክ ነበራቸው። በዚያው ዓመት የአሥር ዓመት፣ የ103 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ፣ የክለቡ ባለቤት ልጅ የሚመስል ሰው። ተጎዳ፣ ዳነ፣ ሐኪሞች ፈቀዱለት። ቡድኑ 5 አሸንፎ 5 ተሸንፏል። ሰውዬው ግን ብሌድሶን አስቀምጠው በስድስተኛ ዙር የተመረጠውን ቶም ብራዲን ቀጠሉ። ሐኪም አልጠሩም፣ «እኛ» አላሉም፣ ረዳት አላባረሩም። ራሳቸው ወሰኑ፣ ራሳቸው ተናገሩ። የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ማሸነፋቸው ሌላ ጉዳይ ነው። ቢሸነፉስ ኖሮ? የሚወቀስ ሌላ ሰው እንኳ አላዘጋጁም ነበር። እንዲህ ያለ ግዴለሽነት!