ላም አለኝ በሰማይ

የሌለህን «እሺ፣ እንካ» ትላለህ? ሊነክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ግን ይላል። ትናንት ከሰዓት ጣና ዳር፣ የደንገል ታንኳዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው የተቃጠልኩት። ላፕቶፔ ያለው ሚሞሪ 4 ጊጋባይት ነው። በሲ ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም 64 ሜጋባይት፣ 64 ሜጋባይት እያለ ማሎክ በሚባለው የሚሞሪ መጠየቂያ ይጠይቃል። እያንዳንዱን ፖይንተር (ማሎክ የሚመልሰውን አድራሻ) «ነል ነው ወይ?»፣ ማለትም «ባዶ ነው፣ እምቢ ተብያለሁ ወይ?» እያልኩ ፈትሻለሁ፤ ክፍል ውስጥ ያስተማሩን እንደዚያ ነው። አንዱም ነል አልሆነም። 8 ጊጋባይት ሲሞላ እንኳ እሺ!

ከዚያ ዳታውን መጻፍ ስጀምር ፕሮግራሜ በአንድ ቃል ተሰናበተ፦ «ኪልድ»፣ ተገደለ። የሁለት ሰዓት ስሌት ሳይቀመጥ ጠፋ። ቡናዬ ቀዝቅዟል፣ እኔ የከርነሉን፣ የሊነክስን እምብርት፣ መዝገብ አያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሎክ የሚሰጥህ አድራሻ ብቻ ነው። እውነተኛው ሚሞሪ የሚመጣው መጀመሪያ ስትነካው፣ ፔጅ በሚባል የ4 ኪሎባይት ቁራጭ፣ አንድ በአንድ ነው። ሲያልቅ ከርነሉ በአብዛኛው ብዙ ሚሞሪ የያዘውን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። ሲገድል ደግሞ በሲግኪል፣ ፕሮግራሙ ሊከላከለው በማይችል የግድያ ምልክት ነው፤ ፋይል ልዝጋ፣ ሥራዬን ላስቀምጥ የሚባል ነገር የለም። አንዳንዴ የሚሞተው ጠያቂው እንኳ አይደለም፣ አጠገቡ በሰላም የሚሠራ ዳታቤዝ ነው!

ኦቨርኮሚትን፣ ማለትም ካለው በላይ ቃል መግባትን የሚወስነውን ቅንብር፣ 2 ላይ ማድረግ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ያኔ ማሎክ በጊዜው እምቢ ይላል። ግን ይህን ለጀማሪ ማን ነገረው? «ነል መሆኑን አረጋግጥ» ብለው ገጹን ይገለብጡታል። እምቢታውን በጊዜ ብሰማ ኖሮ ስሌቱን ከፋፍዬ እሠራው ነበር።