ለአካፋው «ወጣቱ»፣ ለጥያቄው «ልጆች»

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ሰፈራችን ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው ወባ ነው። ሰብሳቢው «ወጣቱ የአገር ተረካቢ ነው» ብሎ ጀመረና ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አካፋና ዶማ ይዘን እንድንወጣ ነገረን። ቦይ እንጠርጋለን። ጥሩ። እጄን አወጣሁ።

«ቦዩን ከጠረግነው በኋላ ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ «እናንተ ልጆች፣ ሁሉን ነገር ፖለቲካ አታድርጉት» አለኝ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ቀሚሴን ሳብ አድርገው «ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ዕድሜዬ 24 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። በአንድ ስብሰባ ውስጥ፣ በአምስት ደቂቃ ልዩነት፣ «ወጣቱ» ተብዬ ተሞግሼ «እናንተ ልጆች» ተብዬ ስወርድ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ቅዳሜ ወጣን። ከተማችን ሜዳ ላይ ናት፤ ውሃ በራሱ የሚወርድበት ቁልቁለት የለም፣ ካላስኬዱት አይሄድም። የእኛ ሰፈር ቦይ ከአስፋልቱ ዳር ይነሳና ሦስት አራት አጥር አልፎ አንድ የብሎኬት ግንብ ሥር ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የለም። ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ዳይፐር፣ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ አወጣን። ሁለት ጋሪ ሞላ። ፎቶ ተነሳን።

አብራን የወጣች ነርስ ጓደኛዬ ከቦዩ ውሃ በጣሳ ቀዳችና አሳየችኝ። ክር የሚያክሉ እጮች ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል። «እነዚህ የወባ አይደሉም» አለችኝ። ከዚያ በግንቡ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየን። ለመሠረት ተብሎ የተቆፈረና ከዓምና ጀምሮ የተተወ ሰፊ ጉድጓድ አለ። የዝናብ ውሃ አቁሮ እንደ መስታወት ጠርቷል፣ ፀሐይ ያርፍበታል። በአጥሩ ሥር ሾልካ ገብታ ቀዳችልኝ። እዚህኛው ውስጥ ያሉት እጮች ውሃው ላይ ጋደም ብለው ተኝተዋል። የወባ ቢምቢ እጭ እንዲህ ነው የሚተኛው። እናቱ እንዲህ ያለ ጠራ ያለና የቆመ ውሃ ትመርጣለች፤ የገማ ቦይ ብዙም አይመቻትም።

ሠላሳ ወጣት ግማሽ ቀን ሙሉ ሲጠርግ የዋለው ሌላውን ነው። ቦይ መጥረግ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሽታውም ቀነሰ። ግን የጉድጓዱን ባለቤት «ድፈነው» ያለው ሰው የለም። ባለቤቱን መጠየቅ ፖለቲካ ነዋ!

በሳምንቱ ወንድሜ ታመመ። ማታ 2 ሰዓት ገደማ ብርድ ብርድ አለኝ አለ፤ በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። 3 ሰዓት ሲሆን ትኩሳቱ እጅ ያቃጥል ነበር። ወጥቼ ባጃጅ ፈለግሁ። በዚያ ሰዓት ባጃጅ አይንቀሳቀስም። አንድ የማውቀው ልጅ ጋ ደወልኩ፤ «እህቴ፣ ከያዙኝ መንጃ ፈቃዴም ባጃጄም ይሄዳል» አለኝ። አልፈረድኩበትም። እስኪነጋ እርጥብ ጨርቅ ስቀያይር አደርኩ። ጠዋት ጤና ተቋም ወስጄው ተመረመረ፤ ሁለቱም ዓይነት ወባ፣ ፋልሲፓረሙም ቫይቫክሱም፣ ተገኘበት። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም አልቋል ተባልን። ከውጭ ፋርማሲ፣ ሦስተኛው ላይ አገኘሁ። ወንድሜ ዳነ። በዚያ ሌሊት ልጅ ታቅፋ መንጋቱን የምትጠብቅ እናት ስንት እንደነበረች ግን አሁንም አስባለሁ። ፋልሲፓረም ሕፃን ልጅ ላይ ሲወጣ እስኪነጋ አይታገሥም።

ታዲያ የቱ ጋ ነው ጤናው ያለቀውና ፖለቲካው የጀመረው? ባጃጅ ስንት ሰዓት ላይ ይቁም የሚለውን የሚወስነው ሐኪም አይደለም። መድኃኒቱ መጋዘን ደርሶ መንገድ ሲዘጋ ከዚያ የማይወጣው በቢምቢ ምክንያት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት በፈረንጆቹ 2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። ከባዱን ሸክም ከተሸከሙት አራት ክልሎች አንዱ የእኛው ነው። ይህ የተመዘገበው ነው። ጤና ጣቢያው የተዘጋበት ቀበሌ ውስጥ የሞተን ሰው ማን መዘገበው?

አያቴ ደንቢያ ነው ያደገችው፣ ከሐይቁ ማዶ። በ1950 ክረምት የጀመረውና እስከ 1951 መግቢያ የዘለቀው የወባ ወረርሽኝ ሲመጣ ልጅ ነበረች። በዚያ ወረርሽኝ በአገሪቱ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት ወባ ማጥፊያ የሚባለውን መሥሪያ ቤት ያቋቋመው። አያቴ «ወባ ማጥፊያዎች» ትላቸዋለች። ዲዲቲ በጀርባቸው አዝለው ይመጣሉ፣ ግድግዳውን ረጭተው በሩ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። «የታመመ አለ?» ብለው ቤት ለቤት ይጠይቃሉ። «እነሱ ሲመጡ ዶሮውን ሁሉ እናስወጣ ነበር» ትላለች እየሳቀች። እኔ ግን የቀናሁት በሩ ላይ ባለው ቁጥር ነው። ያ ቤት የሆነ መዝገብ ላይ ነበረ ማለት ነው። ካልመጡበት ያልተረጨ መሆኑ ይታወቅ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ባሕር ዳር ሰዓት እላፊ ተጣለባት። የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተዘጋ። ሰው የኢንተርኔት መዘጋት ሲባል ቲክቶክ ይመስለዋል። ነርሷ ጓደኛዬ ግን የምትለው ሌላ ነው፤ የትኛው ጤና ጣቢያ የትኛው መድኃኒት እንዳለው የሚጠያየቁበት የቴሌግራም ግሩፕ ነበራቸው። እሱም አብሮ ጠፋ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የመንግሥት ወታደሮች በክልሉ ሆስፒታሎች፣ አምቡላንሶችና የጤና ባለሙያዎች ላይ ያደረሱትን ጥቃት ዘርዝሯል። መንግሥት ደግሞ ታጣቂዎችን ይከስሳል። እኔ ሁለቱንም ወገን አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፤ አምቡላንስ ሲያልፍ መንገድ ልቀቁ። ይህን ለማለት የማንም ደጋፊ መሆን አያስፈልግም። ግን ብዬው ሳበቃ ሁለቱም ወገን «የማን ደጋፊ ነሽ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ለምደነዋል።

በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በየከተማው ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ የሰማሁት ነቀፋም ያው ነው። «ሕዝብ እየታመመ እንዴት?» እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ አስቤ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ነርሷን ጓደኛዬን አየኋት። አዳር ገብታ ጠዋት ስትወጣ በእግሯ ነው የምትመለሰው፤ የባጃጅ ሒሳብ ለእንጀራ ይሁን ብላ። ወንድሜን የምታክምልኝ እሷ ነች።

እኛስ? እኛም እኮ ንጹሕ አይደለንም። የተሰጠን አጎበር የስንቱን ጭድ እንደሚያስር፣ የስንቱ በርበሬ እንደሚሰጣበት፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ የስንቱ አሣ ማጥመጃ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የቫይቫክስ ተውሳክ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል። እሱን ለማጥፋት የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ለ14 ቀን የሚዋጥ ነው። በአራተኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብለን ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ እንወረውረዋለን። ወንድሜም ሊያደርገው ነበር፣ እየቆጠርኩ ነው ያስዋጥኩት። ማታ ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ላይ እግራችንን አውጥተን ስንቀመጥ ቢምቢዋ አጎበር ውስጥ እስክንገባ አትጠብቀንም።

ይህን ሁሉ ግን ሲነግሩን እንሰማለን። ተጠያቂነታችንን በየስብሰባው፣ በየማይክራፎኑ ይነግሩናል። የማይደረገው የተገላቢጦሹ ነው። ጣና ላይ እንቦጭ ሲስፋፋ ወጣቱ ከየአገሩ መጥቶ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ያኔ ማንም «ፖለቲካ ነው» አላለውም። አረሙን ያመጣው ምንድን ነው፣ ከእርሻውና ከከተማው ወደ ሐይቁ የሚገባውን ማን ይቆጣጠር ሲባል ነው ፊት የሚጠቁረው። የሐይቁ ዳር በኮሪደር ልማት ሲያምር እኔም ደስ ይለኛል፤ ማታ ማታ እሄድበታለሁ፣ ቡናም እጠጣበታለሁ። ከዚያ ጀርባ ያለው ቦይ የት ያልቃል ብዬ ብጠይቅ ግን ልማት ጠላሁ ማለት ነው?

የጠየቅሁት ትልቅ ነገር አይደለም። ሌሊት የታመመ የሚያደርስ ፈቃድ ያለው ባጃጅ በየሰፈሩ ሁለት እንኳ ቢኖር። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ትቶ የሄደ ባለይዞታ እንደ ማንኛውም ጥፋተኛ ቢጠየቅ። እና ስብሰባ ሲጠራ ከአካፋው በፊት ጥያቄው ቢቀድም።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግንቡ አጠገብ የሚኖሩት ሽማግሌ በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስብሰባው ላይ እሳቸውም ነበሩ።

«ያን ቀን ውሃው የት ይሂድ ነው ያልሽው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

በከዘራቸው ወደ ግንቡ አሳዩኝ። «በዚህ ነበር የሚወርደው። ወደ ዓባይ የሚሄድ ቦይ ነበረው፤ ቁመትሽን ያህል ይጠልቃል። ይህን ሲያጥሩ ደፈኑት።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገሩም?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

የሚቀጥለው ስብሰባ እሑድ ከሰዓት 8 ሰዓት ነው። ከዘራቸውን ይዘው እንዲወጡ ነግሬያቸዋለሁ፤ 7 ሰዓት ተኩል ላይ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።