ማስተካከያ፦ ሴል ሲጨናነቅ መጀመሪያ ራሱን ለማዳን ይታገላል

ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ኮፒ እየተደረገ በባዮሎጂ ተማሪዎች እጅ የሚዞር የፈተና ማጠናከሪያ ወረቀት፣ «ፒተር ዋልተርና ካዙቶሺ ሞሪ በ2014 ኖቤል ተሸለሙ» ይላል። የሴልን ጭንቀት ያጠኑት እነዚህ ሁለት ሳይንቲስቶች በዚያ ዓመት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የተሸለሙት ላስከር የተባለውን የሕክምና ምርምር ሽልማት ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ፕሮቲኖች ታጥፈው ቅርጽ ስለሚይዙበት የሴል ክፍል፣ ስለ ኢንዶፕላስሚክ ሬቲኩለም፣ የተጻፈው ነው። «ኢንዶፕላስሚክ ሬቲኩለም ሲጨናነቅ ሴሉ ራሱን ያጠፋል» ተብሏል። ኧረ መጀመሪያ ራሱን ለማዳን ነው የሚታገለው! በትክክል ያልታጠፉ ፕሮቲኖች ሲከማቹ አይአርኢ1 የተባለው ጠቋሚ ፕሮቲን ይነቃል። እርሾ ውስጥ ሃክ1 የተባለውን ጂን መልእክተኛ አርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሠራበትን የመመሪያ ቅጂ) ቆርጦ ትርፉን ቁራጭ ያስወጣል። ከዚያ ከተስተካከለው ቅጂ የሚመረተው ፕሮቲን ኒውክለስ ገብቶ፣ ለማጠፍ ሥራው የሚያግዙ ጂኖችን ያስነሳል። ሞት የሚመጣው ጭንቀቱ በርትቶ አልፈታ ሲል ነው። ኢንሱሊን ሲያመርቱ ለሚውሉ የቆሽት ሴሎች ይህ ልዩነት ትልቅ ጉዳይ ነው። ፈተና የደረሰባችሁ ልጆች፣ ወረቀታችሁ ላይ አሁኑኑ አርሙት።