አቦ፣ የጀመራችሁትን ጨርሱ!

አቦ! እኛ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ እናንተ ፊልም ሠሪዎች፣ የጀመራችሁትን ጨርሱልን! አዲስ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ፊልም በመጣ ቁጥር በዚህ የድሬ ሙቀት አፍጥጠን እናነጋለን። ከዚያ ጀግናዋን ጠፈር ላይ አንጠልጥለው «ተሰርዟል»! «ፋየርፍላይ» የተባለው የጠፈር ተከታታይ በ2002 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ 14 ክፍል ብቻ ተሠርቶለት ቀረ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ደሞ ያ የጠፈር ላይ ፍንዳታ! አየር በሌለበት ድምፁ ከየት መጣ? ይሁን፣ እሱን ለምደነዋል። ማርስ ላይ ያለው ሰውዬ ግን ከምድር ጋር እንደ ጎረቤት ሲጨዋወት ያሳብደኛል። መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት ሄዶ እንኳ ቢያንስ 3 ደቂቃ፣ ሲራራቁ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል እኮ! እኛ እዚሁ ድሬ ከሳቢያን ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር ስንደውል እንኳ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያልን ነው። መዘግየቱን አሳዩን፣ በሱ አስጨንቁን፤ የሌዘር ተኩሱ ይቅርብን።