ሴት ያሳደገው

እንደ አገር ብዙ የምንታማበት ነገር አለ፤ ጥፋት በማላከክ ግን ማንም አይስተካከለንም። መሬት ለመደልደል ስንት ኮሚቴ፣ ስንት ይግባኝ ያስፈልጋል። ጥፋት ለመደልደል ግን አጣሪም ምስክርም አንፈልግም። ልጅ አጠፋ? እናቱን ጥሩ። መዝገቡ ተዘጋ።

ጎረቤታችን ጋሼ በዚህ ሙያ የተካኑ ናቸው። የአንደኛው መንፈቅ ካርድ የመጣ ዕለት «ልጄ 3ኛ ወጣ!» እያሉ ካርዱን ደጃፍ ላይ ለአላፊ አግዳሚው አሳዩ። በሁለተኛው መንፈቅ 29 የሚል ቁጥር መጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ይኼኔ ወደ ማዕድ ቤት ዞረው «ኧረ ነይ የልጅሽን ጉድ እዪ!» አሉ። እትዬ ሽንኩርት እየከተፉ ነበርና ቢላዋውን እንደያዙ፣ ዓይናቸው እያለቀሰ ብቅ አሉ። ልጁ ያው ነው፣ ደብተሩም ያው ነው። «ልጄ» የነበረው ግን «ልጅሽ» ሆኗል። የትኛው ፍርድ ቤት ነው አባትነትን በዚህ ፍጥነት የሚፍቅ?

ሙያው የቆየ መሆኑን ለማየት ኦሪት ዘፍጥረትን መግለጥ ይበቃል። ሔዋን ፍሬውን ለባሏ ሰጠችው፣ እሱም ከእሷ ጋር በላ ይላል። ጎርሶ፣ አላምጦ፣ ውጦ ሲያበቃ ተጠየቀ። «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» አለ። ምን ዓይነት ብልሃት ነው! በአንድ ትንፋሽ ሚስቱንም፣ ሚስቱን የሰጠውንም ከሰሰ። እኛ እስከ ዛሬ የተጨመረልን ነገር ቢኖር ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው።

ከዚያ ልጆቹ መጡ። እስቲ የሔዋንን አራስ ቤት አስቡት። ገንፎ የምታገነፋላት እናት የላትም፣ አማትም የላትም፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የሚገባ ጎረቤት አይኖርም፣ ማርያምም ገና አልተወለደችም። ሔዋን ሰው ሲወለድ አይታ አታውቅም፤ ራሷም ተወልዳ አታውቅም። ያም ሆኖ ቃየንን ታቅፋ «ወንድ ልጅ ከእግዚአብሔር አገኘሁ» አለች። በዚህ ሁኔታ ያሳደገችውን ልጅ ምነው በሥርዓቱ አላሳደገችውም ብሎ መውቀስ እንዴት ያለ ጀግንነት ነው!

ቃየን አራሽ ሆነ። አዳም ከገነት ሲወጣ የተሰጠው ሥራ ምድርን ማረስ ነበርና ልጁ ሞፈሩን የወረሰው ከአባቱ መሆኑ ግልጽ ነው። ወንድሙን ሜዳ ላይ ሲገድል ግን፣ እንደ እኛ ደንብ ከሆነ፣ ያንን የወረሰው ከማዕድ ቤት ነው። ማሳ ላይ ከማን ጋር እንደሚውል መጠየቅ ነውር ነው። ፈጣሪ «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» ብሎ በቀጥታ ገዳዩን ጠየቀ። እኛ ብንሆን «እናትህ ማናት?» ብለን እንጀምር ነበር። ኦሪት ጸቡ የመጣው በመሥዋዕቱ ነው ይላል፤ ይህ ያልጣማቸው ተራኪዎች ደግሞ ወንድማማቾቹ የተጣሉት በቆንጆ እህታቸው ነው አሉ። ተመስገን፣ ሌላ ሴት ተገኘች።

መጽሐፈ ኩፋሌ አዳምና ሚስቱ ለአቤል አራት ሱባዔ ዓመታት እንዳለቀሱ ይተርካል። 28 ዓመት ማለት ነው። ሁለቱም ናቸው ያለቀሱት። ሔዋን በአንድ ቀን የሟችም የገዳይም እናት ሆናለች፤ ከድንኳኑ ጥግ «ምን ብታሳድገው ነው?» ብሎ ያንሾካሾከ ግን የለም። ከጨዋነት እንዳይመስላችሁ። የሰው ቁጥር አንሶ ነው።

በእኛ አገር እንኳ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ራስ ባል ነው ብሎ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል ሲያደርግ ራስነቱ ቀረ። ራስ ምታቱ ግን ድሮም የእናት ስለነበረ እኩልነቱ አልነካውም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ሦስተኛው ልጅ ነው። ምዕራፍ 4 ላይ ሔዋን በአቤል ፋንታ ሌላ ዘር ተተካልኝ ብላ ስሙን ሴት አለችው። ገጹን ገልበጥ ስታደርጉ፣ ምዕራፍ 5 ላይ፣ አዳም በምሳሌው እንደ መልኩ ልጅ ወለደ፣ ስሙንም ሴት ብሎ ጠራው። አያችሁ? ልጁ ደህና ከሆነ መልኩም የአባቱ፣ ስም አውጪውም አባቱ። እናቲቱ በዚያ የትውልድ መዝገብ ላይ በስሟ የለችም። ቃየን አባቱን ይመስል እንደነበር ግን የሚነግረን ቁጥር አላገኘሁም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ባለፈው ቅዳሜ ልጁ በኳስ የጎረቤት መስታወት ሰበረ። ጋሼ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ብድግ ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አሳዳጊ የበደለው! የሴት ልጅ!» ብለው ጮኹበት። እሳቸው በዚያ ቤት 14 ዓመት ምን ሲሠሩ እንደኖሩ የጠየቃቸው የለም። ልጁ ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳል። ኳሱን በብብቱ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «አባዬ፣ ሉቃስ ምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ እኮ ‹የሴት ልጅ፣ የአዳም ልጅ› ይላል። የጌታ የትውልድ ሐረግ ነው» አለ።

በረንዳው ጸጥ አለ። ጋሼ ሻያቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ቤት አዙረው ተጣሩ፦

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ይሄን ልጅ መልስ መስጠት ያስተማርሽው አንቺ ነሽ?»