የሌ ፎ እናቶች «የጥንት ሥዕል» አይደሉም

ወንድሜ፣ ስለ ቬትናማዊው ሠዓሊ ሌ ፎ የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። «የእናትና ልጅ የሐር ሥዕሎቹ ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የሀገሩ ባህል ናቸው» ያልከው ግን መታረም አለበት። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ሐሩና የሴቶቹ አለባበስ ነው የሚያሳስተው።

ሌ ፎ በ1907 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ፈረንሳዮች በ1925 ሃኖይ ውስጥ ከከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተማሪዎች አንዱ ነው። በሐር ላይ መሳል በቬትናም ቀድሞም ነበረ፤ እሱን አልክድም። ዛሬ የምናደንቀው ዘመናዊው የሐር ሥዕል ግን መልክ የያዘው እዚያ ትምህርት ቤት ነው። በ1930ዎቹ አውሮፓን ሲዞር የጣሊያንን የድሮ የማርያም ሥዕሎች አየ። ከ1937 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ደግሞ ኑሮው ፈረንሳይ ሆነ።

እስቲ ቀረብ ብለህ እያቸው። እናትየው አንገቷ ረዘም ያለ ነው። ራሷን ወደ ልጇ ዘንበል አድርጋ ዓይኗን ሰበር ታደርጋለች። ቀጫጭን ጣቶቿ ልጁን ደገፍ ያደርጉታል እንጂ አይጨብጡትም። የጣሊያን ማርያሞች እዚህ ጋ ናቸው! ቀለሙ ሐሩ ውስጥ ስለሚሰርግ ደግሞ ፊቷ ስስ ጉም የለበሰ ይመስላል።

ሌ ፎ ወላጆቹን ያጣው ገና በልጅነቱ ነው። የእነዚያ ፊቶች ሐዘን ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ ይህ የራሴ ግምት ነው።

በኋላማ ወደ ዘይት ቀለም ዞሮ ሴቶቹን በደማቅ አበቦች መሃል አስቀምጧቸዋል። እነሱንም ፈልገህ እያቸው።