ከዋግዩ በፊት የሐረር ሰንጋ

ጥራት ያለው ሥጋ እናምርት በተባለ ቁጥር ወሬው ቶሎ አንገስና ዋግዩ ከተባሉት የውጭ የከብት ዝርያዎች አባላዘር (ላም የሚዳቀልበት የኮርማ ዘር) ወደ ማስመጣት ይሄዳል። ዋግዩ ግን ጃፓን ውስጥ በሥጋው መሀል እንደ ድር የተሰራጨውን ስብ የሚይዘው በዘሩ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ እስኪሞላው ድረስ በእህል ስለሚቀለብ ጭምር ነው። መኖ በሌለበት ግቢ የተወለደ ዲቃላ ትልቅ አጥንት ይዞ ይከሳል፤ በዚያ ላይ መዥገሩና ሙቀቱ አለ።

ቦረና ይህን ሁሉ የሚችል ከብት ነው። የኬንያ አርቢዎች ይህንኑ ዝርያ ወስደው በምርጫ አሻሻሉት፤ ዛሬ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ድረስ ዘልቋል። ያደረጉት ነገር ረቂቅ አልነበረም፦ እየመዘኑ ፈጣን አዳጊውን ለዘር ማስቀረት። እኛ ዘንድ ግን ምርጡ ኮርማ ቀድሞ ይሸጣል፤ ለላም የሚተርፈው ገዢ ያልፈለገው ነው።

ድለባውንም ቢሆን የሐረርጌ ገበሬ ያውቀዋል። አንድ ወይም ሁለት በሬ ደጁ ያስራል፤ ከማሽላና ከበቆሎ ማሳ ሲሳሳ የተነቀለውን ቡቃያ፣ ከአገዳው የተቀነጠሰውን ቅጠል፣ የስኳር ድንች ሐረጉን፣ የጫት ገራባውን በእጁ ያጎርሰዋል። በሬው ሣር ፍለጋ ስለማይዞር የበላው በገላው ላይ ይቀራል።

ከተማ ዳር የሚያደልበው በአብዛኛው የሚከስረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ገለባ የለመደ በሬ በገባ ማግስት ፉርሽካና የተፈጨ በቆሎ ሲቆለልለት ጨጓራው ይኮመጥጣል፤ መብላት ያቆማል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሲብስም ያነክሳል። መጀመሪያ የውስጥ ጥገኛ መድኃኒት ይሰጠው፣ ድርቆሽ እንደ ልቡ ይብላ፤ ከዚያ ድብልቁን ከአንድ ኪሎ ጀምሮ በየሁለት በየሦስት ቀኑ በግማሽ ኪሎ መጨመር ነው። 280 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን ከ7 እስከ 8 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል፤ ግማሹ ድርቆሽ ወይም ጭድ፣ ግማሹ ፉርሽካ ከኑግ ፋጉሎና ከጥቂት ጨው ጋር ቢሆን ይስማማዋል። ውኃ ከፊቱ አይጥፋ። ጭዱን በዩሪያ ማከም ርካሽ ነው፦ ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ገደማ ውኃ በጥብጦ መርጨት፣ አየር እንዳያስገባ ለ21 ቀን መድፈን፣ ከማብላት በፊት ማናፈስ። ዩሪያው በደንብ ካልሟሟ ግን ከብት ይገድላል።

ጥር ላይ የታሰረ ለፋሲካ ይደርሳል። ከአራት ወር በላይ ማቆየት ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ በኋላ የሚጨምረው ስብ ነው፣ አንድ ኪሎ ስብም ከአንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ይልቅ ብዙ መኖ ይበላል። ጮማ ለሚወደው የአገር ውስጥ ገበያ የተኮላሸ ሰንጋ፣ ቀይ ሥጋ ለሚፈልገው የባሕረ ሰላጤ ገዢ ደግሞ ያልተኮላሸ ወጣት ኮርማ። ሁለቱን በአንድ በረት በአንድ መኖ የሚይዝ ሰው ለሁለቱም አይሆንለትም።

ከዚያ በኋላ ድካሙ ሁሉ መንገድ ላይ ይባክናል። ከሐረርጌ አዲስ አበባ በጭነት መኪና ተጨናንቆ፣ በዱላ እየተነዳ የመጣ በሬ በጡንቻው ያከማቸውን ስኳር ጨርሶ ይደርሳል። ከታረደ በኋላ ሥጋውን የሚያኮመጥጠው ይኸው ስኳር ነው፤ ሲያልቅ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ውኃና መኖ ይዞ ለጥቂት ቀናት ማረፍ አለበት፤ አንድ ሌሊት አይበቃውም።

ስለ ልስላሴም የሚዘነጋ ነገር አለ። ሌሊት ታርዶ ጠዋት በቁርጥ የሚበላው ሥጋ የሚለሰልሰው ከሞት በኋላ ጡንቻው ገና ስላልተገተረ ነው። ያው ሽንጥ ማቀዝቀዣ ገብቶ በማግስቱ ለሆቴል ስቴክ ሲቀርብ እንደ ጠፍር ይሆናል፤ ጥፋቱም በዝርያው ይሳበባል። እርግጥ ሻኛ ያላቸው ከብቶች ሥጋ ከአውሮፓዎቹ ዘግይቶ ይለሰልሳል። መድኃኒቱ ግን ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ለሁለት ሳምንት ያህል ማቆየት ነው፤ የታረደውን ትኩስ በድን ወዲያው ወደ ኃይለኛ ብርድ መክተት ደግሞ ጡንቻውን ያኮማትረዋል።

ለዚህ ሁሉ ትጋት የሚከፍል ገበያ ግን የለም። በሬው በአብዛኛው የሚሸጠው በዓይን ግምት ነው፤ ጥርሱ ታይቶ፣ ተመዝኖ፣ ያለ ቁስል መድረሱ ተረጋግጦ ዋጋ የሚለይለት ከሆነ ሐረርጌ ያለው ገበሬ የቱን በሬ እስከ መቼ ማሰር እንዳለበት አስተማሪ አያሻውም። አባላዘር ለማስመጣት የሚታሰበው ገንዘብ መጀመሪያ በየከብት ገበያው ሚዛን ይትከል።